የዛገ የብረት ቸርኬ፦ እራሴ አጽድቼ ልቀባው ወይስ ሶማሌ ተራ ሄጄ ሌላ ልግዛ?

የቪትዟ

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ያገለገለች ቪትዝ ገዝቼ ነው፣ ያለሁት አዲስ አበባ ነው። ከላይ ስትታይ ንጹህ ናት። ሰሞኑን ላጥባት ብዬ የቸርኬዎቹን የፕላስቲክ ክዳን ሳነሳ ግን ስሩ ቀይ በቀይ ሆኖ አገኘሁት። ቸርኬዎቹ የብረት ናቸው፣ 14 ኢንች። ፊታቸው ላይ ቀለሙ እየተላጠ ነው። በብሎኖቹ ዙሪያ ደግሞ ዝገቱ ቅርፊት ሠርቷል።

የኋላው ግራ ጎማ ሌላ ጣጣ አለበት። ንፋስ ይቀንሳል። ዛሬ ካስሞላሁት በሳምንቱ ለስልሶ አገኘዋለሁ። ሚስማር የለውም። ጎሚስታው አየውና «ቸርኬው ዝጓል፣ ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) እንክተትበትና እረፊ» አለኝ። ጎማው ቱብለስ ነው፣ ከመነዳሪ የሌለው። መክተቱ ልክ ነው?

ግቢ አለኝ፣ የወንድሜ ድሪል አለ፣ ቅዳሜና እሁድ ነፃ ነኝ። እራሴ ብሠራው ያዋጣል? «ሴት ልጅ ቸርኬ ምን አገባት» የምትሉ ካላችሁ ቀድማችሁ እለፉ፣ እናመሰግናለን 😊

ጋሽ ዳዶ

ልጄ፣ እሠራለሁ ማለትሽ ደስ ይላል። ግን ቀለሙን ለጊዜው እርሺው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ቸርኬው በሕይወት አለ ወይ ነው።

አራቱንም ፍቺ፣ ስኮርታውንም አውርጂ። ጀርባቸውን አዙረሽ እዪ። ሰው ሁሉ የሚያየው ፊቱን ነው፣ ቸርኬ የሚበላው ግን ከጀርባው ነው። ጭቃው የሚቀመጠው እዚያ ነዋ። የፕላስቲክ ክዳኑም ጥሩ አይደለም፣ እርጥበት ይዞ ያቆያል፣ ጉዱንም ይሸፍናል።

አንደኛ የምታዪው የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ ነው። በጨርቅ ጠርገሽ ስታበቂ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቀይ መስመር ከቀዳዳው ተነስቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ካለ፣ እሱ ዝገት ብቻ አይደለም። ስንጥቅ ነው። ከውስጡ ዝገት እያለቀሰ ነው የሚታይሽ። ቀዳዳው ራሱ ክብነቱን ትቶ ሞላላ ከሆነም ብሎን ላልቶ ተነድቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቸርኬ አይቀባም፣ አይበየድም፣ ምናለሽ ተራ ይሄዳል።

ቀጥሎ መሃለኛው ሳህንና ዙሪያው በብየዳ የሚገናኙበትን ቦታ እዪ። ካቻቢቴ ይዘሽ ዝገቱን ጫር ጫር አድርጊው። ዱቄት ብቻ ከወጣ ችግር የለውም። እንደ ቅጠል በንብርብር የሚነሳ ከሆነና ስሩ ጉድጓድ ጉድጓድ ከሆነ ብረቱ ሳስቷል።

ስለ ንፋሱ። ጎማውን ሙሉ ንፋስ ሙዪውና ኦሞ በውሃ በጥብጠሽ ጎማውና ቸርኬው የሚገናኙበት ዙሪያ ላይ በብሩሽ ቀቢ። ቫልቩንም አትርሺ። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ላይ ነው ቀዳዳሽ። ቱብለስ ንፋስ የሚይዘው የጎማው ከንፈር ብረቱ ላይ ተጣብቆ ነው። መሃላቸው ዝገት ከገባ በዚያው ይሾልካል።

ከመነዳሪውን እኔ አልመክርም። የዛገው የቸርኬ ሆድ ከመነዳሪውን እየፈገፈገ ይበሳዋል። ቱብለስ ሚስማር ሲነካው ቀስ እያለ ነው የሚተነፍስ፣ ከመነዳሪ ግን አንዴ ከተበሳ በቅጽበት ይጨርሳል። ቀለበት መንገድ ላይ በ80 እየነዳሽ እንዲህ ያለ ነገር አያምጣብሽ።

እሁድ ሹፌር

ኧረ ምን ያደክምሻል እህቴ። አንድ ጣሳ ብር ቀለም ገዝተሽ ላዩ ላይ ድፊበት። ክዳኑን መልሰሽ ግጠሚ። ማን ያየዋል?

ጋሽ ዳዶ

ንፋሱ ያየዋል።

እሁድ ሹፌር

😂😂 እሺ ጋሼ። ግን የእኔ ሁለት ክረምት አልፎታል፣ ምንም አልሆነም።

ቀለም ቀቢው

ክዳኑን አንሥተህ አይተኸዋል?

ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም አይያዝም። ዝገት ከብረቱ ይልቅ ብዙ ቦታ ነው የሚይዘው፣ እያበጠ ይሄዳል። ቀለሙን ከስር ይገፋውና እንደ አረፋ ያነሳዋል። ከዚያ ውሃ በቀለሙ ስር ይገባል፣ አይደርቅም። ባትቀባው ይሻልህ ነበር ማለት ነው፣ ቢያንስ ፀሐይ ያደርቀዋል።

እህቴ፣ ጎማዎቹን ከቸርኬው አስወልቂና ተመለሽ፣ የቀለሙን ነገር ዘርዘር አድርጌ እጽፍልሻለሁ። ጎማ እንዳለ መቀባትም ይቻላል። ብዙ ሰው የመጫወቻ ካርታ በጎማውና በቸርኬው ጠርዝ መሃል ዙሪያውን ሰክቶ ይረጫል፣ ጎማው ቀለም አይነካውም። ግን ያ ለውበት ነው። ያንቺ ንፋስ ስለሚያስወጣ ጎማው መውለቅ አለበት።

ቶሎ ቶሎ

ዝገት ለማንሳት የባትሪ አሲድ የመሰለ የለም። በጓንት ይዘሽ በጨርቅ ማሸት ነው። በ10 ደቂቃ ነጭ ይሆናል። እኛ ሰፈር ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው።

የኬሚስትሪ መምህር

እባካችሁ ይሄን ነገር ተዉት። የባትሪ አሲድ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ዓይን ላይ አንዲት ጠብታ ከበቂ በላይ ናት። ደግሞ ዝገቱን በልቶ ሲጨርስ አያቆምም፣ ብረቱን ይቀጥላል። የሴራሚክ ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው ሃይድሮክሎሪክ አሲድም ያው ነው። እንዲያውም የእሱ ጭስ ይብሳል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ መፍቻና መዶሻ ሁሉ በማግስቱ ዝጎ ይገኛል።

ለዘብ ያለ ነገር ከተፈለገ ኩሽና ውስጥ አለ። አቼቶ። ውስጡ ያለው አሴቲክ አሲድ 5 በመቶ ገደማ ነው፣ ለዝገት ይበቃል፣ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል። ሙሉ ቸርኬ ለመዘፍዘፍ ብዙ ሊትር ይፈጃል፣ አያዋጣም። ጨርቅ በአቼቶ ነክራችሁ የዛገው ቦታ ላይ አልብሱት፣ እንዳይደርቅ በፌስታል ጠቅልሉት፣ አሳድሩት። ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ሲታሽ በቀላሉ ይነሳል። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጦ ማጠብ፣ አሲዱን ያመክነዋል። ሲትሪክ አሲድም እንዲሁ ይሠራል፣ ሽታም የለውም።

«ኮካስ?» የሚል አይጠፋም። ኮካ ውስጥ ፎስፎሪክ አሲድ አለ፣ እውነት ነው። ግን በጣም ጥቂት ነው፣ ስኳሩ ደግሞ ብዙ። ጠጡት።

ፎስፎሪክ አሲድ በራሱ ግን ጠቃሚ ነው። ዝገት መለወጫ ተብለው የሚሸጡት ፈሳሾች አብዛኞቹ ወይ በእሱ ወይ በታኒክ አሲድ የተሠሩ ናቸው። ቀዩን ዝገት ወደ ጥቁር፣ ረጋ ያለ ነገር ይለውጡታል። የሚሠሩት ግን ብረቱን ሙጭጭ ብሎ በያዘ ስስ ዝገት ላይ ነው። ቅርፊት ላይ ብታፈሱት ላዩ ብቻ ይጠቁራል፣ ስሩ ቀይ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ መፈግፈጉ አይቀርላችሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብሎንና ዳዶ አሲድ ውስጥ አትዝፈዝፉ። ጠንካራ ብረት አሲድ ውስጥ ሲቆይ ሃይድሮጂን ይገባበትና ተሰባሪ ሊሆን ይችላል። እነሱን በሽቦ ብሩሽ ብቻ።

ሜካ ተማሪ

መምህር፣ በኤሌክትሪክ የሚነሳ ዘዴ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ቻርጀር አለኝ። ይሠራል?

የኬሚስትሪ መምህር

ይሠራል፣ በጣምም ያምራል፣ ግን ጥንቃቄ አለው።

ቸርኬውን የሚያሰጥም ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ውሃ፣ ሶዳ አሽ። ሶዳ አሹ አብያታ ሐይቅ ዳር ሲመረት የኖረው ነው። ለ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ይበቃል። የ12 ቮልት የባትሪ ቻርጀሩን ኔጌቲቭ ከቸርኬው ጋር፣ ፖዘቲቩን ውሃው ውስጥ ከምታስቀምጠው ሌላ ቁራጭ ብረት ጋር ታገናኛለህ። ሁለቱ አይነካኩም። ብታገለባብጠው ቸርኬህ ይበላል፣ ስለዚህ ሁለት ጊዜ አይተህ ሰካ።

ቁራጩ ብረት ስቴንለስ እንዳይሆን፣ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ያወጣል። በሶዳው ፋንታ የገበታ ጨው እንዳትጨምር፣ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚሆነው። ሲሠራ የሚፈላው አረፋ ሃይድሮጂን ስላለበት ግቢ ውስጥ አየር ላይ ይሁን፣ ሲጋራም አይለኮስ። እጅህን ከመክተትህ በፊት ቻርጀሩን ንቀል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ፈጽሞ እዚህ ውስጥ አይገባም፣ ሶዳው ይበላዋል።

ዘዴው ጤነኛውን ብረት አይነካም፣ ጥቅሙ ይሄ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የገባውን ዝገት ሳይቀር ያላላዋል። ሲወጣ ጥቁር ጭቃ ይለብሳል፣ በብሩሽ ታጥቦ ይሄዳል። ግን ወዲያው አድርቀው። ራቁቱን የቀረ እርጥብ ብረት ዓይንህ እያየ ብርቱካንማ ይሆናል። የዚያኑ ዕለት ፕራይመር ካልያዘ ልፋትህ ከንቱ ነው።

የቪትዟ

ጎማዎቹን አስወለቅኩ። የታየኝን ልንገራችሁ።

የሚያስወጣው ቸርኬ ላይ፣ የጎማው ከንፈር የሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቦታ ቀለሙ ተነስቷል። በጣት ስነካው ቅርፊቱ ተቆርሶ ወጣ፣ ስሩ ጥቁር ቡናማ ነው፣ ሻካራ። የኦሞው አረፋም የተነፋው ልክ እዚያ ጋ ነበር። ጎማው ከንፈር ላይ ደግሞ ያለፈ ጎሚስታ የቀባው ማስቲሽ ደርቆ ተጣብቋል። ለካ ሻጩም ያውቃል!

ስኮርታው ግን ጉድ ነው። ጋሽ ዳዶ እንዳሉት ጠረግኩት። ከአንዱ ብሎን ቀዳዳ የተነሳ ቀይ መስመር አለ። አጠፋሁት፣ ውሃ አስነክቼ አሳደርኩት፣ ጠዋት ተመልሶ መጥቷል።

ጋሽ ዳዶ

ስኮርታውን ጣይው። እኔ ነኝ የምልሽ።

ሶማሌ ተራ ስትሄጂ «የቪትዝ ስጡኝ» ብቻ ብለሽ አትመኚ። የቪትዝ ብሎን 4 በ100 ነው (አራት ብሎን፣ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር)፣ መሃለኛው ቀዳዳ ደግሞ 54.1 ሚሊ ሜትር። የሆንዳ ቸርኬም 4 በ100 አለ፣ ግን መሃሉ 56.1 ነው። ይገባል፣ ብሎኑም ይገጥማል። በፍጥነት ስትነጂ ግን መሪው ይንቀጠቀጥብሻል፣ ያን ጊዜ የሸጠልሽ ሰውዬም የለም። አሮጌውን ይዘሽ ሄደሽ ጀርባ ለጀርባ አጋጥመሽ ለኪ። ቀለም ተቀብቶ «አዲስ» የሆነ ቸርኬ ቢያሳዩሽ ተጠራጠሪ። የዛገና ያልተነካ ይሻልሻል፣ ቢያንስ ገመናው በፀሐይ ይታያል።

ቀለም ቀቢው

እሺ፣ አሁን የእኔ ተራ።

ከመፈግፈግ በፊት እጠቢ። ይሄን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። የፍሬን ትቢያ፣ ግራሶ፣ የጎማ ማብሪያ ዘይት አለበት። ሳታጥቢ በብርጭቆ ወረቀት ካሸሽው ቅባቱን ብረቱ ውስጥ ነው የምታስገቢው። ኦሞና ብሩሽ፣ በደንብ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ከዚያ በቲነር የራሰ ንጹህ ጨርቅ። ጨርቁ ጥቁር እስካነሳ ድረስ አላለቀም።

ድሪሉ ላይ የሽቦ ብሩሽ ግጠሚና ቅርፊቱን አውርጂ። መነጽር አድርጊ። የሽቦዋ ፀጉር እየተነቀለች እንደ መርፌ ትተኮሳለች፣ ቀልድ የለም። አፍንጫሽንም ሸፍኚ፣ የአሮጌ ቀለም አቧራ ሳንባ አይወደውም። ከዚያ በ80 ቁጥር ወረቀት፣ ቀጥሎ በ180። ጤነኛው አሮጌ ቀለም ሙሉ በሙሉ መላጥ የለበትም። የተላጠውና ያልተላጠው የሚገናኙበት ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ ደረጃ እንዳይኖረው ብቻ አድርጊ። ደረጃ ካለ ቀለሙ ሲደርቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ስቱኮ ቸርኬ ላይ አይገባም። ጉድጓዱን ልሙላ እንዳትዪ። ቸርኬ መንገድ ላይ ይላወሳል፣ ስቱኮው ይሰነጠቃል። ሌላ ቀን ስንጥቅ ቢመጣ ደግሞ ይሸፍንብሻል።

ፕራይመር ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ። ኢፖክሲ ካገኘሽ እሱን። ካጣሽ የተለመደው ቀዩ አንቲረስት ይሆናል፣ ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ቀዩ አንቲረስት የዘይት ነው፣ በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) ነው የሚቀጥነው፣ ለመድረቅ ይዘገያል። ላዩ ላይ በቲነር የሚቀጥን ዱኮ (የመኪና ቀለም) ብትረጪበት ከስር ያበጥና ይሸበሸባል። እንደ ቆዳ ይነሳል። ስለዚህ ከስር እስከ ላይ አንድ ቤተሰብ ይሁን። የዘይት ከጀመርሽ በዘይት ጨርሺ። ሱቁን ጠይቂ፣ ጣሳውንም አንብቢ።

ፕራይመሩ ሲደርቅ በ320 ለስለስ አድርገሽ አቧራውን ጥረጊ። ከዚያ ቀለም። ከጀርባ ጀምሪ፣ ፊቱን መጨረሻ። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብለሽ፣ ስስ አድርገሽ። የመጀመሪያው ዙር ስሩ እየታየ ይለፍ፣ አትደንግጪ። 10 ወይም 15 ደቂቃ ቆይተሽ ሁለተኛውን፣ እንደገና ሦስተኛውን። በአንዴ ልሸፍነው ያለ ሰው እንባ ነው የሚያወርደው።

አሁን መስቀል አልፏል፣ ጊዜው ጥሩ ነው። በሐምሌና ነሐሴ ቢሆን አትሞክሪው እልሽ ነበር። ረፋድ ላይ ብረቱ ሲሞቅ ጀምሪ። ማለዳ ጤዛ አለበት፣ ባይታይሽም አለ። 10 ሰዓት ካለፈም አትርጪ፣ የአዲስ አበባ ብርድ ሳይደርቅ ይደርስበታል።

አሁን ዋናው። የማይቀባ ቦታ አለ። የቸርኬው ጀርባ መሃል፣ ከመኪናው ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት መሃለኛ ክፍል) ጋር ፊት ለፊት የሚጣበቀው ጠፍጣፋ ቦታ፣ ወፍራም ቀለም አይነካው። ዳዶው የሚቀመጥበት ሾጣጣ ጉድጓድም እንዲሁ። ምክንያቱም ዳዶውን ስታጠብቂ ቀለሙን ነው የምትጨምቂው። ሲሞቅ ቀለሙ ይሳሳል፣ ዳዶው ይላላል። ጀርባውን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኚ። ለብሎን ቀዳዳዎቹ ዘዴ ላሳይሽ፦ የልጆች ብይ። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ አንድ ብይ ጣል ታደርጊያለሽ፣ ልክ ሾጣጣው ላይ ትቀመጣለች። ረጭተሽ ስትጨርሺ ታነሺያታለሽ፣ ስሯ ንጹህ ክብ ሆኖ ይቀራል።

ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ደግሞ ፕራይመርና አንድ ስስ ቀለም ብቻ። እዚያ የምትፈልጊው ልስላሴ እንጂ ውፍረት አይደለም።

የሚኒሶታ ብርድ

ከሚኒያፖሊስ ሰላምታ። እናንተ ስለ ዝገት ስታወሩ ትንሽ ሳቅሁ፣ ኑና የኛን እዩ። እዚህ ክረምት ማለት በረዶ ነው፣ በረዶ ማለት ጨው። መንገዱ ላይ በመኪና ይበትኑታል። መጋቢት ላይ የመኪና ሆድ ማየት ያስለቅሳል። ብዙ ሰው ለክረምት የብረት ቸርኬ ከነጎማው ለብቻ ያስቀምጣል፣ አሉሚኒየሙን ለበጋ።

ያልተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ዳዶዎቹ ሁሉ ተፈትተው ቸርኬው አልወልቅ ሊል ይችላል። በዝገት ሞዞው ላይ ተበይዷል። ክሪክ ላይ ያለ መኪና በኃይል አትጎትቱ። ዳዶዎቹን ጫፍ ላይ በጥቂት ጥርስ መልሱና ጎማውን ከጎን በእግር ወይም በላስቲክ መዶሻ ምቱት፣ እያዞራችሁ። ሲለቅ ዳዶው ይይዘዋል፣ እግራችሁ ላይ አይወድቅም።

ከወለቀ በኋላ ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። መሃለኛዋ ቀለበት ጠርዝ ላይ ብቻ ስስ የመዳብ ግራሶ ቀቡ። ሌላ ጊዜ በእጅ ይወልቃል።

የቪትዟ

@የሚኒሶታ ብርድ አመሰግናለሁ። ብሎኖቹ ጥርስ ላይስ ግራሶ ልቀባ? ጎሚስታዬ ይቀባል።

የሚኒሶታ ብርድ

አይ። ብሎን ጥርስ ላይ ቅባት ካለ ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካው መፍቻ) ይዋሻል። 103 ኒውተን ሜትር አስሮ «በቃ» ሲልሽ ብሎኑ ግን ከሚገባው በላይ ተወጥሯል። ደረቅና ንጹህ ይሁን።

ጋሽ ዳዶ

ትክክል ብሏል። 103 ኒውተን ሜትር የቪትዟም ነው። በመስቀል አጥብቂ፣ ጎን ለጎን ያሉትን አታከታትዪ። አዲስ የተቀባ ቸርኬ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳሽ በኋላ እንደገና ይፈተሻል። ይሄ ግዴታ ነው። መፍቻው እጀታ ላይ ቱቦ አስገብቶ በእግሩ እየረገጠ የሚያጠብቅ ጎሚስታ ካጋጠመሽ መፍቻውን ተቀበይው።

የአፍዴራው

ሰላም ወገን። እኔ አይሱዙ ነው የምነዳው። ከአፍዴራ ጨው እንጭናለን። የሚኒሶታው ወንድሜ ጨው በመንገድ ያገኘዋል፣ እኛ እላዩ ላይ ጭነነው ነው የምንሄደው። ከረጢቱ ይፈሳል፣ ሙቀቱ ደግሞ አለ፣ ውሃ የለም። ሠመራ ደርሰን ካልታጠብን ቸርኬው በወር ይቀላል።

አንዳንድ ሹፌር የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። እኔ አልወደውም። አቧራ ይሰበስባል፣ ዘይቱም ጎማውን ያበሰብሰዋል። የሚሻለው ንጹህ ውሃ ነው፣ ጀርባውን ጨምሮ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ የኛ ቸርኬ ባለ ቀለበት ነው። ቀለበቱም ዝጓል። እሱንም ፈግፍጌ ልቀባው?

ጋሽ ዳዶ

ወንድሜ፣ ባለ ቀለበት ቸርኬ ሌላ ዓለም ነው። የቪትዟን ምክር ይዘህ እንዳትገባበት።

ያ ቀለበት ነው ጎማውን የያዘው። ንፋሱ ሲሞላ ስንት ቶን እየገፋው እንደሆነ አስብ። ቀለበቱ ወይም የሚቀመጥበት ቦይ በዝገት ከተበላ ይፈነጥራል፣ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው አይተርፍም። ይሄ በሀገራችን ጎሚስታ ቤቶች የታየ ነገር ነው።

ስለዚህ መኪናው ላይ እንዳለ፣ አንድም ዳዶ ሳትነካ፣ የቫልቩን መርፌ አውጥተህ ንፋሱን ጨርሰህ አስወጣ። የኋላው ጥንድ ከሆነ የሁለቱንም። የውስጡን ረስቶ የውጪውን የሚፈታ ሰው አለ፣ እግዚአብሔር ይጠብቀው። መርፌው ከወጣ በኋላም ሽቦ አስገብተህ ቀዳዳው በቆሻሻ እንዳልተደፈነ እይ።

ቀለበቱ ከተጣመመ፣ ከሳሳ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየራል። የሌላ ቸርኬ ቀለበት አምጥተህ አትግጠም፣ የሚመስለው ሁሉ አይደለም። ጤነኛ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ አጽዳው፣ ቦዩንም እስከ ታች ፈግፍግ። ፕራይመር ስስ አድርገህ ቀባ። ቦዩ ውስጥ ወፍራም ቀለም ካለ ቀለበቱ ጥግ ድረስ አይቀመጥም። ሲሞላ በብረት ሳጥን ውስጥ ይሁን፣ ቢያንስ በሰንሰለት ታስሮ፣ ቱቦው ረዝሞ፣ ሰው ከጎን ቆሞ።

ደግሞ ጎማ የገጠመ ቸርኬን በእሳት ማሞቅም መበየድም የለም። ንፋሱ ቢወጣም እንኳ። ውስጡ ያለው ጎማ ሲሞቅ ጋዝ ያመነጫል፣ ይፈነዳል።

የአፍዴራው

ተረድቻለሁ ጋሼ። ቀለበቱን ይዤ መጥቼ አንድ የሚያውቅ ሰው ሳላሳይ አልነካውም።

ሐዋሳ ባጃጅ

እኛ ትንንሾቹስ? ባጃጅ ቸርኬ 4.00-8 ነው፣ ሁለት ቁራጭ፣ በብሎን የተያያዘ። መሃሉ ሁሌ ይዝጋል፣ ከመነዳሪ ይበላብኛል።

ቀለም ቀቢው

ያንተማ ቀላል ነው፣ ሁለት ቦታ ስለሚከፈል ሆዱ ሁሉ በእጅህ ይገባል። መጀመሪያ ግን ንፋሱን ሙሉ በሙሉ አስወጣ፣ ከዚያ ብቻ ሁለቱን ቁራጭ የሚያያይዘውን ብሎን ፍታ። ከመነዳሪ የሚነካው ቦታ ሁሉ በ180 ወረቀት ለስልሶ፣ ፕራይመርና ስስ ቀለም ይያዝ። ሁለቱ የሚጣበቁበት ፊት ላይ ቀለም አታብዛ። የሐዋሳ አየር እርጥብ ነው፣ በደንብ እስኪደርቅ ታገሥ።

የቪትዟ

ጨረስኩ! ለቆርቆሮ ተራው ድምፅ ጎረቤቶቼን ይቅርታ ጠይቄአለሁ።

አቼቶው ለጀርባው ሠርቷል፣ በተለይ ድሪሉ የማይደርስበት የብየዳው ጥግ ላይ። ጠዋት ፌስታሉን ሳነሳ ጨርቁ ጥቁር ሆኖ ነበር። ጠርዙን እጄ እስኪዝል በወረቀት ነው የሠራሁት፣ ድሪል ቦይ እንዳያወጣበት ፈርቼ። ጥፍር የምታክለዋ ቦታ አሁን ጣት ሲያልፍባት አትታወቅም። ብዮቹን ከእህቴ ልጅ ተበድሬ ነው። አንዷ ብር ቀለም ሆና ቀርታለች፣ አልተከፋም፣ «አሪፍ ሆነች» ብሏል።

ስኮርታውን ሶማሌ ተራ ቀየርኩ። 54.1 ብዬ ስል ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ለካ ካሊፐር አለው፣ ሁለተኛውን ቸርኬ እራሱ ለክቶ ነው ያመጣልኝ።

ጎማው ከመግባቱ በፊት ስንት ቀን ይቆይ? በእጅ ሲነካ ደርቋል።

ቀለም ቀቢው

በእጅ ሲነካ መድረቁ አያታልልሽ፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ ይቆይ። ጎሚስታውን ማሽን ያለው ምረጪ። በሌቫ ከሆነ ጠርዙ ላይ ጨርቅ ያድርግ። የጎማ ቫልቮቹን በዚያው አስቀይሪ፣ ርካሽ ናቸው። ባላንስም አዲስ ይሠራ፣ የድሮው እርሳስ ተነቅሏልና።

እሁድ ሹፌር

እኔም ዛሬ ክዳኑን አነሣሁት። ምንም አልናገርም። ኢፖክሲ ፕራይመር የሚሸጥ የት ነው ያላችሁት?

ቀለም ቀቢው

😂 የመኪና ቀለም የሚበጠብጡ ሱቆች ጋ ሂድ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ አሉ። ማድረቂያው ለብቻ ነው የሚሰጥህ፣ ሁለቱንም ካልያዝክ አትውጣ። ከተቀላቀለ በኋላ ጣሳው ውስጥ ይደርቃል፣ ለአንድ ቀን የሚበቃህን ብቻ በጥብጥ። ዋጋውን አልጽፍልህም፣ ነገ ሌላ ነው።